ሽንት ጨርቅ በክረምት፦ ስንት ይበቃል፣ እንዴት ይታጠባል፣ እንዴትስ ይደርቃል?

የሐምሌ አራስ (ጠያቂ)

ሰላም እናቶች። የመጀመሪያ ልጃችንን በሐምሌ አጋማሽ እንጠብቃለን። ከፓምፐርስ ይልቅ በሽንት ጨርቅ ለማሳደግ ወስነናል፤ ለመንገድና ለሌሊት ጥቂት ፓምፐርስ ብንይዝም ግድ የለንም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ ማጠቢያ ማሽን የለንም፣ በረንዳችንም ጠባብ ነው። እናቴ "አሮጌ ነጠላ ቆርጠን እንጨርሰዋለን" ትላለች፤ ሱቅ ስሄድ ደግሞ ኪስ ያለውን ዘመናዊውን ያሳዩኛል፣ ዋጋው አይቀመስም። ስንት ጨርቅ ይበቃል? ምን ዓይነት? በክረምት እንዴት ይደርቃል? በረኪና መጠቀም ይቻላል ወይ? ልጁንስ ከመቼ ጀምሮ ማዘል ይቻላል?

ጥጥ በእጅ

እናትሽ ትክክል ናቸው። በእጅ ለሚያጥብ ሰው፣ በተለይ በክረምት፣ ከቀጭን የጥጥ ጨርቅ የሚበልጥ የለም። ዋናው ምክንያት መድረቁ ነው። ኪስ ያለው ዘመናዊው ዳይፐር ውስጥ የሚገባው ማስገቢያ ተደራርቦ የተሰፋ ስለሆነ ላዩ ደርቆ መሃሉ እርጥብ ይቀራል። ሐምሌ ላይ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ መጥፎ ሽታውም የሚጀምረው እዚያ መሃል ነው። ቀጭን ጨርቅ ግን ሲታጠብና ሲሰጣ ነጠላ፣ ሲታጠፍ ድርብርብ ነው።

ብዛቱን እንዲህ አስቢው፦ አራስ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 12 ጊዜ ይቀየራል። አንዱ ቀን እየለበሰ፣ አንዱ እየታጠበ፣ አንዱ ገመድ ላይ ከሆነ 36 ጨርቅ ማለት ነው። በበጋ 24 ይበቃሽ ነበር። ውሃ የማያሳልፈው የላይኛው ሽፋን ግን 4 ወይም 5 በቂ ነው፤ ካካ ካልነካው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ተናፍሶ ደግሞ ይለበሳል።

መጠኑ ለአራስ 70 በ70 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አሮጌ ነጠላ ብዙ ጊዜ ስለታጠበ ሽንት ወዲያው ይመጥጣል፤ ድርብ ሆኖ የተሰፋ ከሆነ ፈትታችሁ ለዩት። ጥለቱን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ክሩ ሽንት አይመጥም፣ ቆዳም ይፍቃል። ጋቢ ለዚህ አይሆንም፣ ይወፍራል፤ ከልጁ ስር ለማንጠፍ ግን ተወዳዳሪ የለውም። አዲስ አቡጀዲድ ከገዛሽ ከፋብሪካ የመጣው ስታርችና የጥጡ ዘይት እስኪለቅ ሌሊቱን ነክረሽ፣ አፍልተሽ፣ ሦስት አራቴ ማጠብ አለብሽ። መድረሱን ለማወቅ ደርቆ ሳለ የውሃ ጠብታ ጣይበት፦ ጠብታው ላዩ ላይ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ገና ነው፣ ወዲያው ከሰረገ ደርሷል።

ጠርዙን በኦቨርሎክ አሰፊው። የተመዘዘ ክር በሕፃን እግር ጣት ወይም በወንድ ልጅ ብልት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል። ልጁ ያለ ምክንያት የሚያለቅስ ከመሰለሽ ጣቶቹን አንድ በአንድ እይ።

አስተጣጠፉ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል፤ ቀስ ብለሽ ተከተይኝ። ጨርቁን ለሁለት፣ ከዚያ እንደገና ለሁለት እጠፊው፤ 35 በ35 የሆነ ባለ አራት ሽፋን ካሬ ይወጣል። የታጠፉት ጠርዞች በግራና በታች፣ አራቱ ክፍት ጫፎች ከላይ በቀኝ ይሁኑ። ከላይኛው ሽፋን ያንን የቀኝ ጫፍ ብቻ ይዘሽ ወደ ግራ ሳቢው፤ ሰፊ ጎኑ ወደ ላይ፣ ሹሉ ወደ ታች የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ሁሉንም አንድ ላይ ይዘሽ እንደ መጽሐፍ ገጽ ገልብጪው። አሁን በግራ በኩል ካሬ ሆኖ የቀረውን ወደ መሃል ደጋግመሽ እጠፊ፤ መሃሉ ላይ ወፍራም ንጣፍ ይሆናል። ልጁን ሰፊው ጎን ወገቡ ላይ እንዲሆን አስተኚው፣ ሹሉን በእግሮቹ መሃል ወደ ሆዱ አምጪ፣ ሁለቱን ክንፎች አገናኝተሽ በመርፌ ቁልፍ ያዢ። መርፌውን ስትወጊ የራስሽ ሁለት ጣቶች በጨርቁና በልጁ ሆድ መሃል ይሁኑ።

ሳፋና ገመድ

ስለ እጥበቱ ልጨምር። የአብዛኛው ሰው ችግር አለማጽዳት ሳይሆን ሳሙና አብዝቶ ውሃ ማሳነስ ነው። ኦሞው ሳይለቀለቅ ከቀረ ጨርቁ ይደድራል፣ ሽንት አይመጥም፣ ቆዳም ያቃጥላል። ደረቅ ሳሙና ደግሞ ውሃው ጨው ያለበት ከሆነ ጨርቁ ላይ ነጭ ቅባት ነገር ያስቀራል። ልብስ ማለስለሻ ፈጽሞ አይገባም፣ ክሩን ሸፍኖ ውሃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ካካ ያለበትን ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ፤ ሙቅ ውሃ መጀመሪያ ካገኘው እድፉን ያጣብቀዋል። ሽንት ብቻ ያለበትንም ሳትለቀልቂ አታከማቺው። እስኪታጠብ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር አይመከርም፣ ይሸታል፣ ለሚድህ ልጅም የመስጠም አደጋ ነው፤ ተጨምቆ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ይቀመጥ። ከዚያ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃና በልኩ ኦሞ አሽተሽ ታጥቢያለሽ፣ ሁለቴ ትለቀልቂያለሽ። የመጨረሻው ውሃ ላይ አረፋ ካለ እንደገና።

ለአንድ ቀን ጨርቅ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያህል ውሃ መድቢ፦ 10 ሊትር ለመጀመሪያው ቀዝቃዛ፣ 10 ለማጠቢያ፣ 20 ለማለቅለቂያ። የዛሬ የመጨረሻ ማለቅለቂያ ለነገ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ውሃ ይሆናል፤ የቆሸሸው ደግሞ ሽንት ቤት ይደፋበታል። በፈረቃ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ለማድረቅ ጨርቁን በአንድ ገመድ ላይ አጥፈሽ አትስጪው። ሁለት ገመድ በአንድ ስንዝር ርቀት ወጥረሽ ከሁለቱም ላይ ብታንጠለጥይው አየር በመሃሉ ያልፋል። ሰማዩ እስኪዘጋ ጠዋት ያለችውን ፀሐይ አታሳልፊ፤ ፀሐይ እድፉንም ታስለቅቃለች። የቀረውን እርጥበት በካውያ ጨርሺው።

አንድ ነገር ግን በጣም እለምንሻለሁ፦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥላችሁ ጨርቅ እንዳታደርቁ። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ አራስና አራስ ልጅ የተኙበት ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ንጽሕት

እኔ በበረኪና መዘፍዘፉን እመርጣለሁ። ነጭ ያደርጋል፣ ጀርም ይገድላል። በየቀኑ ትንሽ ጠብ ቢደረግበት ምን ችግር አለው?

አዋላጅ ከባሕር ዳር

ንጽሕት፣ እዚህ ላይ አልስማማም፤ ጉዳዩም የምርጫ ብቻ አይደለም። ሽንት ሲቆይ አሞኒያ ይሆናል። በረኪና ያልተለቀለቀ ሽንት ላይ ሲፈስ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው። ከኮምጣጤ ጋርም አይቀላቀልም። በዚያ ላይ በየቀኑ ከሆነ ጥጡን ያበሰብሳል፣ ውሃ የማያሳልፈውን ሽፋንና ላስቲኩን ያደርቀዋል። ለጤነኛ ልጅ ሳሙና፣ ሙቅ ውሃና ፀሐይ ይበቃል።

በረኪና የሚያስፈልገው ተቅማጥ ወይም የፈንገስ ሽፍታ ሲኖር ነው። ያኔም ጨርቁ ታጥቦና ተለቅልቆ ካለቀ በኋላ፦ ጥንካሬው 5 ከመቶ የሆነ በረኪና ከሆነ 100 ሚሊ ሊትር በ10 ሊትር ውሃ፣ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ማለቅለቅ። ጥጡን ብቻ 10 ደቂቃ ማፍላትም ያንኑ ይሠራል፤ የላይኛው ሽፋን ግን አይፈላም።

ሽፍታውን ለመለየት፦ የእርጥበት ሽፍታ ጨርቁ የሚነካውን ጉብታ ያቀላል፣ እጥፋቶቹን ይተዋል። ቶሎ ቶሎ መቀየርና በቀን ጥቂት ጊዜ ያለ ጨርቅ ማናፈስ ያሻሽለዋል። ፈንገስ ግን እጥፋቱ ውስጥ ይገባል፣ ደማቅ ቀይ ነው፣ ዙሪያውን ትንንሽ ነጠብጣብ ይበትናል፤ ሦስት ቀን ካለፈው ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ መድኃኒት ይፈልጋል። ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለበት ቅባት ስትቀቢ ከላዩ ቁራጭ ስስ ጨርቅ ጣይበት፣ አለዚያ ቅባቱ ሽንት ጨርቁን ይደፍነዋል። ፓውደር አትነስንሺ፤ ብናኙ ወደ ሕፃኑ ሳንባ ይገባል።

የሽንት ጨርቅ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ሌላ ነው። ልጁ በቂ ጡት እያገኘ መሆኑን በእጅሽ ትቆጥሪዋለሽ፦ በመጀመሪያው ቀን አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ እያለ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ቢያንስ ስድስት የረጠበ ጨርቅ። ፓምፐርስ ውስጡ ያለው ዱቄት ሽንቱን ስለሚውጥ እናት አታስተውልም። ከስድስት ካነሰ፣ ወይም ሽንቱ ጠቆር ብሎ ልጁ ከፈዘዘ፣ ሳታድሪ ለባለሙያ አሳይ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ካካው ጥቁርና እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ነው፤ ለዚያ የሚጣል ቁራጭ ጨርቅ አዘጋጂ።

እትብቱ እስኪወድቅ ጨርቁን ከፊት ወደ ታች እጠፊው፣ አየር ያግኝ። ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባበት፤ ከጤና ተቋም ከተሰጠሽ መድኃኒት በቀር።

ስላልጠየቅሽው ልጨምር፦ ወደ ማዋለጃው ስትሄጂ ከጎንሽ የምትሆነውን ሰው ከአሁኑ ወስኚ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ እናት በምጥ ጊዜ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ተቋምሽ ይፈቅድ እንደሆነ በእርግዝና ክትትል ላይ ጠይቂ። አጋዥዋ እናትሽ ከሆኑ ወገብ ማሸት፣ ውሃ ማጠጣት፣ እያስደገፉ ማንቀሳቀስ ሥራቸው ይሁን። ቦርሳው ውስጥ ከሽንት ጨርቁ ጋር የልጁን ኮፍያ እንዳትረሺ።

የሐምሌ አራስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አማቴ የቤተሰብ አንቀልባ አላቸው፣ ክርስትና እንደተነሣ በጀርባ ይታዘላል ይላሉ። እሳቸውን ሳላስከፋ ምን ላድርግ? ደግሞ እግሩ እንዲቃና አጥብቆ መጠቅለል አለበት ይባላል።

ዳሌና ጀርባ (ፊዚዮቴራፒስት)

አንቀልባው ጥሩ ነገር ነው፤ ጥያቄው ዕድሜው ብቻ ነው። በጀርባ የሚታዘል ልጅ አንገቱን ራሱ መቻል አለበት፣ ያ ደግሞ አራት ወር አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ የመተንፈሻ ቧንቧው ይታጠፋል፣ ከኋላሽ ስለሆነ ደግሞ አታዪውም፣ ድምፅም አያሰማም። ለአማትሽ "አንገቱ ሲጠና እርስዎ ራስዎ ያዝሉልኛል" በያቸው። እስከዚያ በደረት ይያዝ፤ ይህም ሙቀትና ጡት ያቀርብለታል። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ልጅ ቆዳ ለቆዳ በደረት መያዙ ሕክምና ነው፤ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይመከራል።

ለደረት የማይለጠጥ የሽመና ጥጥ ውሰጂ፦ ከ4.5 እስከ 5 ሜትር ርዝመት፣ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት። መሃሉን ደረትሽ ላይ አድርጊ፣ ሁለቱን ጫፎች ከጀርባሽ አጠላልፈሽ በትከሻዎችሽ ወደ ፊት አምጪ። ልጁን ቀጥ አድርገሽ ደረትሽ ላይ በተፈጠረው ኪስ አስገቢ፤ ጨርቁ ከአንዱ ጉልበት ጀርባ እስከ ሌላው ጉልበት ጀርባ ይያዘው። ከዚያ ነው ትልቁ ሥራ፦ ጨርቁን በአንዴ አትጎትቺው፤ ከአንገት በኩል ያለውን ጠርዝ፣ መሃሉን፣ የታችኛውን ጠርዝ ለየብቻ ሳቢ። ላላ ብሎ የቀረ አንድ ጠርዝ ካለ ልጁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ታች ይንሸራተትና አገጩ ይወድቃል። ጫፎቹን ከመቀመጫው ስር አጠላልፊ፣ በእግሮቹ ስር አሳልፈሽ ከኋላሽ እሰሪ።

ካሰርሽ በኋላ እይ፦ ጎንበስ ስትይ ግንባሩን መሳም ትችያለሽ? ፊቱ ይታያል? በአገጩና በደረቱ መሃል ሁለት ጣት ይገባል? ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ብለዋል? አንዱ እንኳ ካልተሟላ ፍቺና እንደገና እሰሪ። በክረምት ጋቢው ከትከሻው በታች ይሸፍነው እንጂ ፊቱ ላይ አይደረብ። ልጅ ታዝሎ ምድጃ ላይ አይሠራም፣ ቡናም አይፈላም።

ስለ መጠቅለሉ፦ እግሩን አቃንቶ አጥብቆ ማሰር ዳሌውን ከመገጣጠሚያው ሊያወጣው ይችላል። አደጋው በመቀመጫው ለመጣ ልጅ፣ ለሴት ልጅና በቤተሰብ ውስጥ የዳሌ ችግር ላለበት ይብሳል። የአራስ እግር ጎበጥ ማለቱ ማህፀን ውስጥ ታጥፎ ስለቆየ ነው፣ በራሱ ይቃናል። መጠቅለል ካለበት እጁና ደረቱ እንጂ ከወገብ በታች ልቅ ይሁን፣ እግሩን እንደ እንቁራሪት አጥፎ መዘርጋት ይቻለው። በጀርባው ይተኛ፤ መገላበጥ ሲሞክር ደግሞ መጠቅለሉ ይቁም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ አሜሪካ በአፓርታማ የጋራ ማሽን ለሚጠቀሙ እናቶች አንድ ነገር፦ መጀመሪያ ያለ ሳሙና በቀዝቃዛ አዙሩ፣ ቀጥሎ በሙቅ ከሳሙና ጋር፤ ማሽኑ ከግማሽ በላይ እስከ ሦስት አራተኛ ብቻ ይሙላ፣ ከዚያ ካነሰ ጨርቁ እርስ በርሱ አይፋተግም። ብዙዎቹ አዳዲስ ማሽኖች ውሃ ስለሚቆጥቡ ተጨማሪ ማለቅለቂያ ጫኑ። ላይኛውን ሽፋን ማድረቂያ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት አትክተቱት፣ ውሃ የማያሳልፈው ንጣፍ ይላጣል። የማለስለሻ ወረቀትም አታስገቡ፤ ከእናንተ በፊት የተጠቀመው ሰው ትቶት ከሆነም ማድረቂያውን ዳስሳችሁ አውጡት።

ጥጥ በእጅ

የሐምሌ አራስ፣ ስለ ሌሊቱ ዘንግቼ፦ ለሌሊት ሁለት ጨርቅ ደርቢ፣ ከላይኛው ሽፋን ጠርዝ ጨርቁ ብቅ እንዳይል በጣትሽ ዙሪያውን አስገቢው። አብዛኛው "አፈሰሰ" የሚባለው ነገር ከጭኑ በኩል አንድ ጣት የምታህል ጨርቅ ውጭ ቀርታ ልብሱን ስለምታረጥብ ነው።