የአባቴ እኩያ የሆኑትን ሰው እንዴት ልገምግም?

ሰላም ለዚህ ቤት። ዋሺንግተን ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ከሆንኩ ስድስት ወሬ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ኢቫሉዌሽን የምሞላላቸው አንድ ጋሼ አሉ። ያረፍዳሉ፣ ሒሳባቸውም ከቲኬቱ ጋር አይገጥምም። ችግሩ፣ እዚህ ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ምን ልበላቸው?

መልስ፦

ወንድሜ፣ እኔም ደርሶብኝ አበላሽቼዋለሁ። ይሉኝታ ይዞኝ ዓመቱን ሙሉ ዝም አልኩና በኢቫሉዌሽኑ ቀን ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሰውዬው "ታዲያ እስከ ዛሬ አፍህን ማን ያዘህ?" አሉኝ። ምን ልመልስ?

ስለዚህ ከቀኑ በፊት ለብቻቸው አግኛቸው። ቡና ጋብዛቸው፣ በአማርኛ አውራቸው። የሰዓት መዝገቡን ግን አስቀድመህ አውጣ። "ሁልጊዜ ያረፍዳሉ" ካልክ ክርክር ነው። "ኦክቶበር ላይ አራት ቀን፣ አንዱን ቀን 40 ደቂቃ" ካልክ ወሬው ያጥራል። ቅጹ ላይም ይኸንኑ ጻፍ፤ "ግዴለሽ" የሚል ቃል እንዳታስገባ።

ለምን እንደሚያረፍዱም ጠይቃቸው። የእኔው ሰውዬ ሌሊት ሌላ ቦታ ይሠሩ ነበር። ሺፍታቸውን አንድ ሰዓት ዘግይተው እንዲጀምሩ ስናደርግ ማርፈዱ ቀረ። ሕመም ካነሱ ግን እዚያው አቁምና ኤች.አር (የሠራተኛ አስተዳደር) ጋ ሂድ። ከሥራ ቦታው በ75 ማይል ውስጥ ቢያንስ 50 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ዘንድ ዓመት የሞላውና ባለፉት 12 ወራት 1,250 ሰዓት የሠራ ሰው፣ ለከባድ ሕመም እስከ 12 ሳምንት ያለ ደሞዝ ፈቃድ የማግኘት የፌዴራል መብት አለው። በዚያ ፈቃድ የቀረበትን ቀን እንደ ጥፋት መቁጠር አይቻልም። ዲሲ ደግሞ የራሷ ሕግ አላት።

ሒሳቡን ለብቻው ያዘው። "ጎደለ" ካልክ ለእኛ ሰው "ሌባ" ማለት ነው። መጀመሪያ አንድ ምሽት አብረሃቸው ሒሳብ ዝጋ። የእኔው ሰውዬ የጠፋ ቲኬት የሚመዘገብበትን ቁልፍ አያውቁትም ነበር! ማንም አላሳያቸውም።

ደግሞ "ግምገማ" የሚለውን ቃል ተወው። የአገር ቤቱን ስብሰባ ያየ ሰው ያንን ሲሰማ መሐል ቆሞ መብጠልጠል ነው የሚታየው። ፊርማቸው "ደርሶኛል" ማለት እንጂ "ተስማምቻለሁ" ማለት አለመሆኑን ቅጹ ላይ አሳያቸው። ካልተስማሙ ሐሳባቸውን እዚያው ይጻፉ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገራቸው ልጃቸው ትርዳቸው።

ጠያቂው፦

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ አብሬያቸው እዘጋለሁ። ቡናውን ግን እኔ ካልከፈልኩ ማለታቸው አይቀርም።