በአሮጌ የሜይል ሰርቨር ላይ ብዙ አይፒ አድራሻዎች፦ የሚወጣው መልእክት ሁሉ በመጀመሪያው አድራሻ ይሄዳል

ታንኳ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የሦስት ድርጅቶችን ኢሜይል በአንድ ሰርቨር ላይ አስተዳድራለሁ፤ አንደኛው በሐይቁ ዳርቻ ያለ የእንግዳ ማረፊያ፣ ሁለተኛው ወደ ዘጌ ገዳማት ጎብኚዎችን በጀልባ የሚወስድ አስጎብኚ፣ ሦስተኛው የዓሣ ነጋዴዎች ማኅበር ነው። ሰርቨሩ ሴንትኦኤስ 6 (የሊኑክስ ዓይነት) ሲሆን፣ ኢሜይል የሚቀበለውና የሚልከው ፕሮግራም ፖስትፊክስም አብሮት የመጣው 2.6.6 ነው። ጊዜው ያለፈበት መሆኑን አውቃለሁ፤ የአዲሱ ማሽን በጀት እስኪለቀቅ ድረስ ግን በዚሁ መቆየት ግድ ሆኖብናል።

ስምንት አድራሻዎች ያሉት ክፍልፋይ ተሰጥቶናል። እውነተኛውን እዚህ መጻፍ ስላልፈለግሁ 203.0.113.8/29 ነው እንበል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሲነሡ፣ .9 ደግሞ ለራውተሩ ሲሰጥ፣ ለእኔ የሚቀሩት ከ.10 እስከ .14 ያሉት አምስቱ ናቸው። .10ን ለማረፊያው፣ .11ን ለአስጎብኚው፣ .12ን ለማኅበሩ መድቤ፣ ሦስቱንም በአንዱ የኔትዎርክ ካርድ ላይ አስገባኋቸው። የሚገባው መልእክት ያለ ችግር ይደርሳል። የሚወጣው ግን ላኪው ማንም ይሁን ማን በ.10 ብቻ ነው የሚሄደው። በአስጎብኚው የኤስፒኤፍ መዝገብ (በዶሜይኑ ስም መላክ የተፈቀደላቸውን አድራሻዎች የሚዘረዝር) ላይ የተጻፈው .11 ብቻ በመሆኑ መልእክቱን አንዳንድ ተቀባዮች ይመልሱታል፤ ማኅበሩ ደግሞ በየሳምንቱ ሰኞ የዋጋ ዝርዝሩን ለብዙ መቶ ሰዎች በላከ ቁጥር፣ የማረፊያው የክፍል ማረጋገጫዎች አይፈለጌ መልእክት ማኅደር ውስጥ መግባት ጀምረዋል።

«ሴንደር ዲፔንደንት ዲፎልት ትራንስፖርት ማፕስ» የሚባለው ቅንብር ይህንን እንደሚፈታ አንብቤ ሞከርሁት፤ ስሕተት አላሳየኝም፣ የተለወጠ ነገርም የለም። ምን አጠፋሁ?

ሎግ አንባቢ፦

ምንም አላጠፉም። ያ ቅንብር የመጣው በፖስትፊክስ 2.7 እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ የእርስዎ 2.6.6 የማያውቀውን ስም ዝም ብሎ ስለሚያልፈው ነው ስሕተት ያላዩት። በአንድ እርምጃ መቅረትዎ ያናድዳል።

«ኢኔት ኢንተርፌስስ» የሚወስነው ሰርቨሩ መልእክት ለመቀበል በየትኞቹ አድራሻዎች እንደሚያዳምጥ ነው። ወደ ውጭ ለሚከፈት ግንኙነት የመነሻ አድራሻውን የሚመርጠው፣ ፖስትፊክስ በግልጽ ካላዘዘው በስተቀር፣ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ነው፤ ከርነሉም ለካርዱ የተሰጠውን ዋናውን አድራሻ ይወስዳል። «አይፒ ራውት ጌት» ብለው ከውጭ ያለ ማንኛውንም አድራሻ ቢያስከትሉ .10 መመረጡን በዓይንዎ ያያሉ።

መልካሙ ዜና ብዙ ፖስትፊክሶችን ጎን ለጎን የሚያስተዳድረው «ፖስትመልቲ» በ2.6 መጨመሩ ነው። ስለዚህ የራሱ የቅንብር ማኅደር፣ የራሱ ወረፋና የራሱ የዳታ ማኅደር ያለው ሁለተኛ ፖስትፊክስ ይፍጠሩ። አዲስ የተፈጠረው ሲወለድ ማዳመጥ እንዳይችል ተደርጎ ስለሆነ፣ «ማስተር ሰርቪስ ዲሴብል» በሚለው መስመር ላይ ያለውን እሴት ባዶ ማድረግ አይርሱ፤ እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ከሰዓት አጥፍቻለሁ። «ኢኔት ኢንተርፌስስ» ላይ .12ን ብቻ ይስጡት፤ ብቸኛ አድራሻው ከሆነ ሲልክም በዚያው ይልካል። ዋናው (ነባሩ) ፖስትፊክስ ግን «ኦል» (ሁሉንም) የሚለውን ትቶ .10ን፣ .11ንና ሎካልሆስትን (ማሽኑን ራሱን) ብቻ ማዳመጥ አለበት፤ አለዚያ ፖርት 25ን በሁሉም ላይ ይዞ ሁለተኛውን አያስነሣውም። ዋናው የሚያዳምጥባቸው አድራሻዎች ከአንድ በላይ ስለሆኑ የመነሻ አድራሻውን በ«ኤስኤምቲፒ ባይንድ አድሬስ» .10 ብለው በግልጽ ይጻፉለት። ይህ ለውጥ በሪሎድ አይያዝም፤ አገልግሎቱን አቁሞ ማስነሣት ያስፈልጋል።

ከዚያ በዋናው ላይ «ሴንደር ዲፔንደንት ሪሌይሆስት ማፕስ» (ይህ በ2.3 የመጣ ስለሆነ አለዎት) የማኅበሩን ዶሜይን ወደ .12 እንዲያሳልፍ ያድርጉ፤ አድራሻውን በአራት ማዕዘን ቅንፍ [ ] ውስጥ ይጻፉት። የቅንብሮቹን ስም እዚህ በፊደል ጻፍሁት እንጂ፣ ፋይሉ ውስጥ ቃላቱ በሥር ሰረዝ ይያያዛሉ።

አንድ ነገር ያስተውሉ። ሁለተኛው ፖስትፊክስ የመልእክት ሣጥኖች የሉትም። የማኅበሩ ኤምኤክስ (ለዶሜይኑ የሚመጣው መልእክት የት እንደሚደርስ የሚናገር መዝገብ) አሁን ወደ .12 የሚያመለክት ከሆነ፣ ለማኅበሩ የሚመጣው ሁሉ ሣጥኖቹን ከማያውቅ ሰርቨር ጋር ይጋጫል። አስቀድመው ኤምኤክሱን ወደ .10 ያዛውሩ፤ .12 የመላኪያ ብቻ ይሁን፣ ከውጭ ወደ ፖርት 25 የሚመጣውንም በፋየርዎል ይዝጉበት።

ዋርካ፦

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጠይቀው ግን ሦስት አድራሻ ለምን አስፈለገ የሚለውን ነው። ተቀባይ ሰርቨር የላኪው ዶሜይንና የአድራሻው የተገላቢጦሽ ስም አንድ እንዲሆኑ አይጠይቅም። የሚፈልገው አድራሻው ፒቲአር (የተገላቢጦሽ ስሙ የሚጻፍበት መዝገብ) እንዲኖረው፣ ያ ስም ተመልሶ ወደዚያው አድራሻ እንዲያመለክት፣ ኤስፒኤፉም አድራሻውን እንዲፈቅድ ነው። የአስጎብኚው ችግር በኤስፒኤፍ መዝገቡ ላይ .10ን በመጨመር ብቻ ዛሬውኑ ይፈታል፤ አንድ መስመር ነው።

የማኅበሩን የጅምላ መልእክት መለየት ግን ተገቢ ነው። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ለላኪዎች ባወጣው መስፈርት ፒቲአርን አጥብቆ ይጠይቃል፤ የሌለው አድራሻ 5.7.25 የሚል ኮድ ያለበት መልስ ይደርሰዋል። ፒቲአሩን ደግሞ እርስዎ በራስዎ ዲኤንኤስ ላይ ሊጽፉት አይችሉም፤ የአድራሻው ክፍልፋይ ባለቤት የሆነው አቅራቢ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ለ.10ና ለ.12 ስሞቹን ዘርዝረው በአንድ ደብዳቤ ይጠይቁ፤ ሁለት ጊዜ መመላለስ አድካሚ ነው። አዲስ አድራሻ ገና ስም ያላተረፈ ስለሆነ፣ ማኅበሩ በመጀመሪያው ሰኞ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ባይልክ ይመረጣል።

ለእያንዳንዱ ድርጅት የተለየ አድራሻ በእርግጥ የሚያስፈልገው በአሮጌ ፖስትፊክስ ላይ የተለያየ ሰርተፍኬት (ለተመሰጠረ ግንኙነት የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጥ) ለማሳየት ሲፈለግ ነው፤ በአንድ አድራሻ ላይ እንደ ስሙ የተለያየ ሰርተፍኬት ማቅረብ የተቻለው በ3.4 ነውና። እርሱንም ቢሆን ሦስቱም ድርጅቶች ስልካቸው ላይ አንድ የሰርቨር ስም ቢያስገቡ ይቀራል።

ታንኳ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የዋርካን ምክር ተቀብዬ .11ን ተውሁት፤ ኤስፒኤፉን አስተካክዬ በማግስቱ የአስጎብኚው መልእክት መመለሱ ቆመ። ለማኅበሩ ሁለተኛውን ፖስትፊክስ ሠራሁ፤ ሁለት እንቅፋት ገጠመኝ። መጀመሪያ ዋናው ሰርቨር መልእክቱ ወደ ራሱ እየዞረ እንደሆነ ጻፈልኝ፤ ምክንያቱ የሁለቱም «ማይሆስትኔም» (ሰርቨሩ ራሱን የሚጠራበት ስም) አንድ መሆኑ ነበር። እርሱን ስለይ ደግሞ ሁለተኛው ማስተላለፍን ከለከለ፤ በ«ማይኔትዎርክስ» (በእርሱ በኩል መላክ የሚፈቀድላቸው አድራሻዎች ዝርዝር) ውስጥ .10ን ጨምሬ ተስተካከለ።

ፒቲአሩን በደብዳቤ ጠይቄ እየጠበቅሁ ነው። ትናንት ማታ ግን መብራት ጠፍቶ የዩፒኤሱ ባትሪም አልቆ ሰርቨሩ ሲነሣ፣ ሁለተኛው ፖስትፊክስ አድራሻውን መያዝ አልቻልሁም ብሎ ቀረ።

ሎግ አንባቢ፦

.12ን የጨመሩት በ«አይፒ አድር አድ» ትእዛዝ ከሆነ፣ ያ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው። በ«ኔትዎርክ ስክሪፕትስ» ማኅደር ውስጥ ለካርዱ ተቀጥላ ፋይል ይፍጠሩለትና አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርገው ይሞክሩት።

ታንኳ፦

እርሱው ነበር። ሪስታርት ተደርጎ በ.12 ተነሥቷል።