መሰንቆ ልቀዳ ነው፣ በ48 ወይስ በ96?

ሰላም ናችሁ? የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። መሰንቆ የሚጫወቱ አንድ አባት ከመንዝ ይመጡልኛል፣ ድምፃቸውንና መሰንቋቸውን ልቀዳ ነው፣ ከዛ ከበሮና ቤዝ ጨምሬ ሚክስ አደርገዋለሁ። የተቸገርኩት ሴቲንጉ ላይ ነው። ፕሮጀክቱን በ48 ኪሎኸርዝ ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ) ልክፈተው ወይስ በ96?

የገባኝን ልንገራችሁ። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ ነው የሚሰማው፣ የ44.1 ሳምፕል ሬት ደግሞ የራሱን ግማሽ፣ እስከ 22 ኪሎኸርዝ ድረስ ይይዛል፣ ስለዚህ ለመስማት ብቻ ከሆነ እሱም ይበቃል። ቪዲዮ ስለምሠራበት ግን 48 ይሻለኛል። ቢቱ ላይ (እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል በዝርዝር እንደሚመዘገብ) ጥርጥር የለኝም፣ 24 ነው። እኚህ አባት ቀስ ብለው ይጀምሩና ድንገት ከፍ ያደርጉታል፣ በ24 ቢት ጌይኑን (ድምፁ የሚገባበትን መጠን) ዝቅ አድርጌ ብቀዳ ሹክሹክታው አይበላሽም፣ ከፍ ሲሉም ድምፁ አይቆረጥብኝም።

ግራ ያጋባኝ 96ቱ ነው። ፋይሉ የ48ቱ እጥፍ ይሆናል፣ ላፕቶፔ ደግሞ 8 ጊጋ ራም ነው፣ ፕለጊን (ድምፅ ማስተካከያ ተጨማሪ ሶፍትዌር) ሲበዛበት መንተባተብ ይጀምራል። ግን ድምፁን በኋላ ላዘገየው ወይም ፒቹን (የድምፁን ቅጥነት) ላወርደው ብል 96 ይረዳል የሚሉ አሉ። እውነት መሰንቆ ላይ በጆሮ የሚለይ ነገር አለው? ዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ ማሻከር) ስጨምር የሚመጣውን አሊያሲንግስ (በዋናው ድምፅ ውስጥ ያልነበረ የውሸት ድምፅ)፣ በ48 ሆኜ የፕለጊኑን ኦቨርሳምፕሊንግ (ፕለጊኑ ውስጥ ብቻ ሳምፕል ሬቱን ከፍ አድርጎ መሥራት) ብከፍት ይበቃኛል?

መሰንቆ ቀድታችሁ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ እሳቸውን ደግሜ ከመንዝ ድረስ ማመላለስ አልፈልግም። ሚክሱን ለማስተሪንግ (ለመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ስልክስ በ24 ቢት ላውጣው ወይስ በ32 ቢት ፍሎት (ድምፁ ከልክ ቢያልፍም በማይቆረጥበት የፋይል ዓይነት)?