ከዱባይ ጓንዡ በረራው ስንት ሰዓት ነው? ትኬቱ ላይ መሄጃው 11፣ መመለሻው 4 ሰዓት ተኩል ይመስላል

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከዱባይ ጓንዡ (ቻይና) ቀጥታ በረራ ልቆርጥ ነው። መሄጃው ሰኞ 10፡30 ተነስቶ 21፡40 ይገባል፤ መመለሻው ዓርብ 00፡15 ተነስቶ 04፡45 ይገባል። ልዩነቱ ከምን መጣ? ርቀቱስ? አንዱ 5,830 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው ከ6,000 በላይ ይላል። በባንኮክ በኩል ርካሽ ትኬትም አግኝቻለሁ፤ ያዋጣል?

መልስ 1፦
ትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻውም መድረሻውም በየከተማው ሰዓት ነው። ጓንዡ ዱባይን በ4 ሰዓት ትቀድማለች፤ ሁለቱም አገሮች እንደ አውሮፓ ሰዓት ስለማይቀይሩ ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። ሲሄዱ 4 ይቀንሱ፦ 11፡10 የነበረው 7፡10 ይሆናል። ሲመለሱ 4 ይደምሩ፦ 4፡30 የነበረው 8፡30 ይሆናል።

ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው ግን በመመለሻው ነው። ዓርብ 00፡15 ማለት በእኛ አቆጣጠር ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡15 ነው። አየር ማረፊያ መገኘት ያለብዎት ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። ዓርብ ማታ ከሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

መልስ 2፦
5,830 ትክክል ነው፤ በምድር ጥምዝ ላይ የሚለካው አጭሩ መስመር ነው። አውሮፕላን ግን የተፈቀዱ የአየር መንገዶችን ተከትሎ ስለሚሄድ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። አጭሩ መስመር የሂማላያን ግርጌ ይታከካል፤ በረራዎች ደግሞ ከተራሮቹ ወደ ደቡብ መራቅ ይመርጣሉ። የካቢን አየር ግፊት ቢጠፋ በፍጥነት ወደ 3,000 ሜትር ገደማ መውረድ ግድ ነው፤ ተራራ ላይ ያ አይቻልም።

የየከተማው ሰዓት ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረውን የ7፡10 እና የ8፡30 ልዩነት የሚያመጣው ነፋስ ነው። ከፍታው ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይበረታል። በሰዓት 900 የሚበረው አውሮፕላን 100 ነፋስ ከኋላ ቢገፋው ከመሬት አንጻር 1,000 ይሄዳል፤ ፊት ለፊት ቢመጣበት 800። በዚህ ርቀት ላይ ይህ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያለያያል።

መልስ 3፦
በባንኮክ፦ ዱባይ–ባንኮክ 4,900፣ ባንኮክ–ጓንዡ 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየር ላይ ብቻ 9 ሰዓት አካባቢ፣ ጥበቃው ሌላ ነው። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ከሆኑና ሻንጣው እስከ ጓንዡ ከተላከ ችግር የለውም። ለየብቻ የተቆረጡ ከሆነ ግን ባንኮክ ላይ ሻንጣ ለመቀበል በኢሚግሬሽን ማለፍ፣ ከዚያም እንደገና መመዝገብ አለብዎት፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛውን ማንም አይተካልዎትም። ለትንሽ ብር አልመክርም።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማክሰኞ በእነሱ 9፡00 ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ሰኞ የምገባበት በረራ ይበቃኛል?

መልስ 3፦
ይበቃል፣ እንቅልፉ ግን አጭር ነው። 21፡40 ቢያርፍም ኢሚግሬሽንና ሻንጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። ባይዩን አየር ማረፊያ ከመሐል ከተማ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሜትሮው ሌሊት ስለሚያቆም የታክሲ ዩዋን በጥሬው ይያዙ፤ የሆቴሉንም አድራሻ በቻይንኛ አስጽፈው ለሾፌሩ ያሳዩ። ደግሞ 9፡00 በጓንዡ ማለት በዱባይ 5፡00፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ ከተቻለ ቀጠሮውን ወደ ከሰዓት ያስገፉት።