የድሮ መጻሕፍት በስልክ ስካን ማድረግ ዋጋ አለው?

የላይብረሪዋ
ሰላም ለሁላችሁ፣ እህታችሁ ነኝ ከደብረ ብርሃን፣ ትንሽ ላይብረሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ጀርባ ያለው መደርደሪያ ላይ ማንም የማይጠይቃቸው የጃንሆይ ዘመን መጻሕፍት አሉን፣ ብርሃንና ሰላም የታተሙ፣ አንዳንዱ ሽፋንም የለውም። ትናንት አንዱን ስገልጠው የገጹ ጥግ እንደ ድርቆሽ እጄ ላይ ፍርፍር አለ፣ እውነት ሆዴ ነው የባባው። ክረምቱ ደሞ እየመጣ ነው፣ የኛን አገር ጉም ታውቁታላችሁ፣ ሻጋታው አይቻልም። ስካነር የለንም፣ ያለኝ ስልኬ ነው። አንስቼ ኦንላይን ብለቀው ለሰው ይጠቅማል? መብቴን ነካሽ ብሎ የሚከሰኝስ ይኖራል?

ጣርማበር
እረ በጣም ይጠቅማል እህቴ! እኔ የአባቴን መጻሕፍት በስልክ ነው የጨረስኳቸው። ብቻ ጠፍጣፋ እስኪሆን ገልጠሽ እንዳትጫኚው፣ ጥራዙ ይሰነጠቃል፣ ግማሽ ከፍተሽ በትራስ ደግፊው፣ መጀመሪያ የቀኝ ገጾቹን ብቻ ጨርሺ ከዛ ወደ ግራዎቹ ተመለሺ። ፍላሽ አጥፊ፣ ጠዋት መስኮት ጋ ያለው ብርሃን ይበቃል። የሻገተውን ለብቻው አድርጊ፣ አንቺም ማስክ አድርጊ።

የመንዟ
ስለ መብቱ አዋጅ 410/1996ን እዪው፣ ደራሲው በሕይወት እስካለ እና ከሞተ በኋላ ደሞ 50 ዓመት ይጠበቃል። የመርሐቤቴው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያረፉት 1931 ላይ ነው፣ የሳቸው ሥራ ካለሽ ያለ ሐሳብ ልቀቂው። ጊዜው ያልደረሰውን ላይብረሪው እንዳይጠፋ ብሎ ኮፒ ማስቀረት ይችላል፣ ኦንላይን መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ቤተሰቡን ፈልጎ ማስፈቀድ ይሻላል።

ፊደል
ጽሑፉ በፍለጋ እንዲገኝ ከፈለግሽ ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ከፎቶ ላይ አማርኛ ያነባል፣ ግን ቀለሙ የፈሰሰበት የድሮ ህትመት ላይ ጸ እና ጰን እያምታታ አድክሞኛል፣ ሰው ቁጭ ብሎ ማረም አለበት። ስለዚህ ዋናውን ፎቶ በጭራሽ እንዳታጠፊ። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው የኦንላይን ላይብረሪ ላይ በነፃ ይጫናል፣ ለቴሌግራም ደሞ ፒዲኤፉን አሳንሺው፣ አብዛኛው አንባቢ በካርድ ዳታ ነው የሚያወርደው። በ1960ዎቹ በማይክሮፊልም መነሳት የጀመሩት የገዳማቶቻችን ብራናዎች እኮ ዛሬ አሜሪካ ባለው የሂል ሙዚየም ድረ ገጽ ላይ ይነበባሉ፣ ያኔ ማን ያነበዋል ተብሎ ቢተው ኖሮ ምን እናይ ነበር?

የላይብረሪዋ
እግዜር ይስጣችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ስለማይኖር ያን ጥጉ የሚፈረፈረውን ይዤ መስኮቱ ጋ እቀመጣለሁ። የርዕስ ገጹ የጠፋበትን ግን በምን ስም ላስቀምጠው?

ጣርማበር
የመጀመሪያውን የተረፈ መስመር እንዳለ ጻፊው፣ የሚያውቀው ሰው አይቶ ይነግርሻል።