የጋራ ምክረ ሐሳብ ዝግጅት፦ ጥቃቅን ፕላስቲክ፣ አንቲባዮቲክ እና የሕፃናት አንጀት

ሰብሳቢ፦ ውድ አባላት፣ የጥናታችንን ምክረ ሐሳብ ረቂቅ አንብባችሁታል። ርዕሱ «ጥቃቅን ፕላስቲክና አንቲባዮቲክ ተደምረው የሕፃናትን አንጀት እንዴት ይጎዳሉ» ይላል። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ፦ ርዕሱ ከወዲሁ ፈርዷል። የምናውቀው የፕላስቲክ ቅንጣት እንደ ቴትራሳይክሊን ያሉ አንቲባዮቲኮችን ወደ ገጹ እንደሚስብ ነው። ባክቴሪያዎችም ተጣብቀውበት ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ እዚያ ተጠጋግተው ሲኖሩ መድኃኒት የመቋቋም ዘረ መል ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ይህ በውኃ ውስጥ ታይቷል። በሕፃን አንጀት ውስጥስ ይሆናል ወይ? ጥያቄያችን ይኸው ይሁን።

የሕፃናት ሐኪም፦ እስማማለሁ። የሕፃናቱ ዕድሜ «እስከ 5 ዓመት» የሚለው ግን ይጥበብ። የአንጀት ባክቴሪያዎች የአዋቂን መልክ መያዝ የሚጀምሩት 3 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ትልቁ ለውጥ ሕፃኑ ከጡት ወደ ምግብ በሚሸጋገርበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። 12 ወር ይበቃናል። በቀዶ ጥገና መወለዱንና በሐኪም የታዘዘለትን አንቲባዮቲክም እንመዝግብ፤ ያለዚያ የእነዚህን ጣጣ ሁሉ በፕላስቲኩ ላይ እናላክካለን።

የአካባቢ ኬሚስት፦ በ2020 የወጣ ጥናት ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ጡጦ በሙቅ ውኃ ወተት ሲበጠበጥበት በሊትር እስከ 16 ሚሊዮን ቅንጣት እንደሚለቅ አሳይቷል። ውኃው በሞቀ ቁጥር ቅንጣቱ ይበዛል። መጠይቁ «ጡጦ ይጠቀማሉ?» ብሎ አይቁም፤ ወተቱ በምን ዕቃ፣ በምን ያህል ሙቀት እንደሚበጠበጥ ይጠይቅ። በዚያው ውኃ ውስጥ ያለውን የአንቲባዮቲክ ቅሪት እኔ እለካለሁ።

አዋላጅ ነርስ፦ ረቂቁ ናሙናው ከዳይፐር ይወሰዳል ይላል። ዳይፐር ራሱ ፕላስቲክ ነው እኮ! ቀጭን ሰገራ ከውስጥ ሽፋኑ ላይ ስፍቅ ነጭ ክር አብሮ ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ከሆነ የምንቆጥረው ዳይፐሩን ነው።

የአካባቢ ኬሚስት፦ ልክ ነዎት ሲስተር፤ ይህን እኔ ማየት ነበረብኝ። ሰገራው በታጠበ የጥጥ ጨርቅ ላይ ይያዝ፣ በብረት ማንኪያ ወደ ብርጭቆ ብልቃጥ ይግባ። በእያንዳንዱ ቤት አንድ ባዶ ብልቃጥ ናሙናው እስኪወሰድ ክፍት ሆኖ ይቆይ፤ ከአየር የሚገባውን ያሳየናል። የምርመራው ብዛት እጥፍ ስለሚሆን የተሳታፊዎችን ቁጥር መቀነስ ግድ ነው።

አዋላጅ ነርስ፦ ውጤቱን ለእናቶች የምንነግርበት መንገድ ያሳስበኛል። 16 ሚሊዮን የሚለውን የሰማች እናት ፈርታ በቀዝቃዛ ውኃ ልትበጠብጥ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከ70 ዲግሪ ያላነሰ ውኃ የሚመክረው በዱቄት ወተቱ ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉ ጀርሞችን ለመግደል ነው። ያ አደጋ የታወቀ ነው፤ የእኛ ገና ጥያቄ ነው። በብርጭቆ ዕቃ በጥብጣ፣ ሲበርድ ወደ ጡጦው ብትገለብጠው ጀርሙም ይሞታል፣ ቅንጣቱም ይቀንሳል። ይህ በጽሑፍ ይግባልኝ።

ሰብሳቢ፦ ገብቷል፤ ከአባሪው አውጥቼ መጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጌዋለሁ። ዶክተር፣ መጠይቁን እስከ ሐሙስ ቢልኩልኝ በአዲሱ የተሳታፊ ቁጥር በጀቱን እከልሳለሁ።