የከተማ ውሃ፦ ብድሩ ለአዲስ ጉድጓድ ይሁን ወይስ ለአሮጌው መስመር?

መምህሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሙያዬ ሒሳብ ማስተማር ነው። ዘንድሮ በከተማችን የመጠጥ ውሃ አገልግሎት ቦርድ የነዋሪው ተወካይ ተብዬ ገብቻለሁ። ውሃችን የሚመጣው ቆላ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ሲሆን፣ በሁለት ቡስተር ጣቢያዎች እየተገፋ ሽቅብ ይወጣል፤ በመንገዱም ላይ ሁለት ትናንሽ ከተሞችን ያጠጣል። ዋናው መስመር በደርግ ጊዜ የተዘረጋ ነው።

ከሚመረተው ውሃ ሒሳብ የሚከፈልበት ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የመብራት ክፍያው የሠራተኛውን ደመወዝ አልፏል። ከሁለቱ ኤሌክትሮ መካኒኮቻችን (ፓምፕና ሞተር የሚጠግኑት) አንዱ ወደ ፋብሪካ ሄዷል፤ ሌላው በሰኔ ጡረታ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ ያቀረበልን ሐሳብ ግን ተበድረን አዲስ ጥልቅ ጉድጓድ እንድናስቆፍርና ለዕዳው ታሪፍ እንድንጨምር ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንሰጣለን። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ እጄን ከማውጣቴ በፊት ምን ልጠይቅ?

የወር ከፋይ፦
መምህር፣ መጀመሪያ ስለ እኛ ይጠይቁ። በፈረቃ ውሃ የሚለቀቅልን በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ሲለቀቅ ቧንቧው ለረጅም ጊዜ እየጮኸ አየር ይተፋል፣ ቆጣሪው ደግሞ በአየሩ ይሽከረከራል። በጀሪካን ከጋሪ እየገዛሁ ለአየር የምከፍል ሰው ነኝ። ታሪፍ ጨምር የሚለኝ ሁሉ አንድ ቀን መጥቶ ቆጣሪዬን ይይልኝ።

ጡረተኛው ኤሌክትሮ መካኒክ፦
የወር ከፋይ ያሉት እውነት ነው። ባዶ መስመር ሲሞላ አየሩ ቆጣሪውን ያዞረዋል። አየር ማስወጫ ቫልቮቹ ሠርተው ቢሆን ኖሮ ብዙው አየር ቤታቸው ሳይደርስ ይወጣ ነበር።

መምህር፣ ወደ እርስዎ ጥያቄ ልምጣ። ስለ ጉድጓዱ ከመነጋገራችሁ በፊት ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ማጠራቀሚያው ላይ ሰው አቁሙ። መግቢያው ይዘጋ፣ መውጫው ክፍት ይሁን፣ የውሃው ከፍታ ይለካ። በዚያ ሰዓት ልብስ የሚያጥብ የለም፤ የሚወርደው አብዛኛው ከመስመሩ የሚፈሰው ነው። የማጠራቀሚያው ወለል 100 ካሬ ሜትር ቢሆንና ውሃው በሁለት ሰዓት ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ፣ 30 ሜትር ኩብ ሄደ ማለት ነው። በዚያው መጠን ከቀጠለ በቀን 360 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 18,000 መሆኑ ነው። ሒሳቡን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ግን ይህን በፈረቃ ሌሊት እንዳታደርጉት፤ ሰው ሁሉ ሮቶውን ስለሚሞላ ቁጥሩ ይዋሻችኋል። ውሃው ሁለት ሦስት ቀን ሳይቋረጥ ከተለቀቀ በኋላ ለኩ።

ይህ ለምን ከጉድጓዱ ይቀድማል? ውሃችሁ ዳገት የሚወጣ ስለሆነ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ፓምፑና ሞተሩ ተዳምረው ከሚወስዱት መብራት 60 በመቶውን ብቻ ሥራ ላይ ካዋሉ 0.45 ይሆናል፤ ያረጀ ፓምፕ ከዚህም በታች ይሠራል። ሐረርን ተመልከቱ። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲደርቅ ከተማዋ ውሃዋን ድሬዳዋ አካባቢ ካለው ከድሬ ጃራ ከርሰ ምድር፣ በደንገጎ በኩል ሽቅብ ማስገፋት ግድ ሆነባት። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ውሃው ሽቅብ የሚወጣበት ሐሮማያ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ። ልዩነቱን ብቻ ብታሰሉት፣ በዚያው 60 በመቶ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ ከ3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይወጣል። ላይ ከደረሰ በኋላ የሚፈስ ውሃ መብራቱ ተከፍሎበት የሚፈስ ነው። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። አዲስ ጉድጓድ በዚያው በሚያፈስ መስመር ላይ ተጨማሪ ውሃ ይጭናል፤ እናንተም ለተጨማሪ ፍሳሽ መብራት ትከፍላላችሁ።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ጉዳይ ልግባ። የሰው ነገር። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ከተማ የቡስተር ጣቢያው ኦፕሬተር ደመወዙ አልበቃው ብሎ ለቀቀ። ቦታው ሳይሞላ ቆየና ጥበቃው ማብሪያና ማጥፊያውን እንዲነካ ተፈቀደለት። ጥሩ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ማን አስተማረው? ከሦስቱ የመብራት መስመሮች አንዱ ሲጠፋ ሞተሩን የሚያቆመው መከላከያ በቁራጭ ሽቦ ታልፎ ነበር፤ «እየደጋገመ ስለሚያጠፋብን» ተብሎ። አንድ ሌሊት አንዱ መስመር ጠፋ፣ ሞተሩ በሁለቱ ሲያቃስት አድሮ ተቃጠለ። ጠዋት ስደርስ የተቃጠለው ቫርኒሽ ሽታ ከአጥሩ ውጭ ይሰማ ነበር። ሞተሩን አዲስ አበባ ልኮ የውስጥ ሽቦውን እንደገና ለማስጠቅለል የወጣው ገንዘብ ያንን ኦፕሬተር ከዓመት በላይ ባኖረው ነበር። ከተማው የጠጣው ደግሞ የኩሬ ውሃ ነው።

በሰኔ የሚወጣውን ሰው እንደ ዋዛ አትሸኙት። ካቻቢቴውን የሞተሩ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት) ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ የሚሰማውን ነገር የሚጽፍ መዝገብ የላችሁም። ኮብልስቶን ሲነጠፍ የትኞቹ ቫልቮች ከሥር እንደቀሩ የሚያውቀው ምናልባት እሱ ብቻ ነው። አንድ ዓመት በኮንትራት አቆዩት፤ ሁለት ወጣቶች አብረውት መስመሩን በእግራቸው ይሂዱ፣ እያንዳንዱን ቫልቭ በስልካቸው ካርታ ላይ ምልክት ያድርጉ። ለሥልጠና አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ በ1990 በጃፓኖች ድጋፍ የማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ የተጀመረው ማለቴ ነው። ብቻ ዕድሉ ሲመጣ አበል የናፈቀው የቢሮ ሰው እንዳይሄድበት። የደመወዝ ስኬሉን ማለፍ አንችልም ካሏችሁ፣ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቤት መስጠት፣ የሌሊት አበል መክፈል የሚከለክላችሁ አለ?

ብድሩን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 268/1994 የተቋቋመው የውሃ ሀብት ልማት ፈንድ ለዚህ ዓይነት ሥራ ያበድራል። ነገር ግን ተመልሶ የሚከፈል ነው፤ የሚከፈለውም ከታሪፍ ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ጠላቂ ፓምፕ (ጉድጓዱ ውሃ ውስጥ የሚገባው) በብር ሲተመን ከእጥፍ አያንስም። በድሮ ዋጋ የተሠራ የጥናት ሰነድ ካቀረቡላችሁ መልሱት።

የመንገድ ዳሩ ልጅ፦
እንደ እናንተው ዓይነት መስመር ከሚያልፍባት ትንሽ ከተማ ነኝ። ስለ ፍሳሽ ስትለኩ እኛንም አትርሱ። አየር ማስወጫውን ቫልቭ የሚሰብሩት ሌቦች አይደሉም፤ ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ናቸው። ቧንቧው በማሳቸው ያልፋል፣ ለእነሱ ጠብታ የለም። እኛ ዘንድ አንድ ቦኖና የከብት ገንዳ ከተሠራ በኋላ በዚያ በኩል መሰበሩ ቀርቷል፤ ቫልቩን የሚጠብቁት አሁን ገንዳውን የሚጠቀሙት ናቸው።

መምህሩ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የሌሊቱን ልኬት ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት፤ «ሌሊት ማን ይወጣል?» አለኝ። እኔ እወጣለሁ አልኩት። ገንዳውንም አጀንዳ አስይዛለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ያልተሰበሰበውን ዕዳ ዝርዝር ጠይቄ አየሁ፤ ትልልቆቹ ባለዕዳዎች መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ይህ እንዴት ነው የሚጠየቀው?

ጡረተኛው ኤሌክትሮ መካኒክ፦
በስብሰባው ላይ ዝርዝሩ በስም ይነበብ፣ በቃለ ጉባኤም ይያዝ። በበጀታቸው ላይ የውሃ መደብ አላቸው፤ በጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ነው መጠየቅ፣ በሐምሌ ከሆነ «ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ሆኗል» ይሏችኋል። ሌሊት ሲወጡ ደግሞ ጋቢ ይያዙ፤ የማጠራቀሚያው ክዳን ከብረት ከሆነም ብቻዎን እንዳይከፍቱት።